በጋቢ የተሸፈነ ኮርቻ

ጣዝማ አቀበቱን በሶምሶማ ጨርሳ የአንጋጫ ገበያ ባህር ዛፎች ብቅ ሲሉ፣ ከፊቷ የቀሩት ፈረሶች አምስት ብቻ ነበሩ።

«በላት ባልደራስ! በላት እንጂ! አምባላዩ ፈረስ አሁን ነው የገባው፣ ጅራቱን ይዘኸዋል!» ብሎ ጮኸ አንድ ወፍራም ሰው ከሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ቢላውን እንደጨበጠ።

ጠና አለንጋውን አላነሳም። እንዲያውም ልጓሙን ላላ አድርጎ ወደ ጋማዋ ጎንበስ አለና፣ «ደርሰናል የኔ እመቤት፣ ደርሰናል» አላት። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጢሙ ሸብቷል፣ ጉልበቱ በዝናብ ቀን ያመዋል፤ ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ግን ሃያ ዓመት ይቀንሳል ይሉታል። ያ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣው ከሩቅ ይታወቃል። ነጭ ጋቢውን አጣጥፎ ወገቡ ላይ አስሮታል። ባዝራዋ ደግሞ ስሟ እንደሚነግራችሁ ቀለሟ የጣዝማ ማር ነው፤ ግንባሯ ላይ በአውራ ጣት የተነካች የምትመስል ነጭ ነጥብ አለቻት።

ቀኑ መስከረም ሁለት ነበር፣ ሺ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት። ለአብዮቱ በዓል ተብሎ ሃያ ሦስት ፈረሶች ጧት አንድ ሰዓት ላይ ከዳምቦያ ተለቀዋል። አንጋጫ ላይ አርፈው፣ ከዚያ ሆሳዕና ይገባሉ። ከፎንቆም ከጊምቢቹም፣ ከከምባታም ከሀዲያም፣ ፈረስ ያለው ሁሉ ልጁን እንደሚድር ሰው ፈረሱን አጥቦና አበጥሮ መጥቷል።

ለሌላው ሰው ውድድሩ የክብር ነገር ነው። ለጠና ግን የጣዝማ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ጠና የአንድ ፊታውራሪ ባልደራስ ነበር፤ ሰባት ፈረስና ሦስት በቅሎ በእጁ ነበሩ። መሬት ላራሹ ሲታወጅ ፊታውራሪው አገር ለቀው ሄዱ፣ ፈረሶቹም የገበሬ ማህበሩ ሆኑ። ማህበሩ ፈረስ አያያዝ የት ያውቃል? እንጨት ጫኑባቸው፣ ድንጋይ ጫኑባቸው፤ አንዱ በገጣባ ሞተ፣ አንዱ ገደል ገባ። እንዲህ እያሉ አልቀው የቀረችው ጣዝማ ብቻ ናት። ዘንድሮ ደግሞ ሊቀመንበሩ ጓድ ብሩ አንድ ጋሪ አሠርቷል፤ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የመኪና ጎማ የገባለት።

«ጓድ ጠና» አለው ብሩ በነሐሴ፣ «ማህበሩ ዝም ብላ የምትበላ ባዝራ አይቀልብም። መስከረም ሁለት ሽልማት ይዛ ከገባች፣ የማህበሩ መመኪያ ናት ብለን ለውድድር እናስቀምጣታለን። ባዶዋን ከገባች ግን እዚያው ሆሳዕና ጋሪው ላይ ትጠመድና ድንጋይ እየጎተተች ትመለሳለች። ጋሪውን ይዤው ነው የምመጣው።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እሷ እኮ አንገቷ ቀጭን ነው...»

«የሠርቶ አደሩም አንገት ቀጭን ነው!» ብሎ ዘጋው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጠና ጣዝማን ከጋሪ ለማዳን መሮጥ አለበት፤ እንዳትሞትበት ደግሞ መሮጥ የለበትም። የዚያን ቀን ልቡ ላይ የተቀመጠው ይኸ ነው።

አንጋጫ ላይ፣ ከገመዱ ወዲያ፣ አሰገደች ቆማ ነበር። አባቷ ከሰሜን መጥተው ሆሳዕና ያስተማሩ መምህር ናቸው። እሷ የእንስሳት ጤና ረዳት ናት፤ አገሬው ግን «ዶክተር» ይላታል፣ እሷም ማረም ታክቷት ትታዋለች። ካኪ ኮቷ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል፣ የልብ ማዳመጫው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የወንድ የእጅ ሰዓት አስራለች።

ባለፈው ዓመት በዚሁ በዓል ሁለት ፈረሶች መንገድ ላይ ደም በአፍንጫቸው ፈስሶ ሞተው ነበር። ከዚያ ወዲህ እሷና ጠና ሆነው ነው አዘጋጅ ኮሚቴውን ደጅ የጠኑት። ሕጉን ያወጡት እነሱ ናቸው፤ ማንኛውም ፈረስ አንጋጫ ሲደርስ ልቡ ይደመጣል፣ በደቂቃ ከስልሳ አራት በላይ ከመታ እስኪበርድ ይቆማል። ሆሳዕና ገብቶም ቢሆን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልቡ ካልበረደ እንዳልገባ ይቆጠራል። ፈረሱ ከነኮርቻው፣ ከነጋላቢው፣ እስከ አስር ሰዓት ድረስ ይግባ። ኮሚቴው ውስጥ አንዱ፣ «ፈረስ ነው ወይስ አራስ ልጅ?» ብሎ ስቆ ነበር። ግን ፈረመ።

አሰገደች ማዳመጫውን ከጣዝማ ክንድ ኋላ አስገባች። ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ጠና አብሯት በልቡ ቆጠረ።

«ጋሽ ጠና፣ ሰባ ሁለት።»

«ሰባ ሁለት?»

«ሰባ ሁለት። ሩብ ሰዓት ይቆዩ፣ ደግሜ አዳምጣታለሁ።»

«ልጄ፣ አቀበቱን አሁን ጨርሳ እኮ ነው። ትንሽ...»

«ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«ለዚህ ነው እምቢ ስልዎት የማይቀየሙኝ» አለችና ወደሚቀጥለው ፈረስ ዞረች።

ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃ ኃይለመለኮት አምባላዩን ሊያስደምጥ ባጠገቡ ቆሞ ነበር። ጡረታ የወጣ ፈረሰኛ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ቡትስ ጫማው በቅባት የሚያብለጨልጭ። አምባላዩም እንደጌታው ነው፤ ነጭ፣ ግዙፍ፣ አንገቱን የሰበቀ። ልቡ ሲቆጠር ስልሳ አራት ላይ ልክ ቁጭ አለ። አንድ እንኳ አልተረፈም።

«ባልደራስ!» አለ ኃይለመለኮት ወደ ኮርቻው እየተወረወረ፤ «የሚደነግጠው የማን ልብ ነው? ያንተ ነው የባዝራዋ?»

«የሁለታችንም ነው። ሃምሳ አለቃ፣ ፈረስህ ላብ አቁሟል፤ አየኸው? ደረቱ ደርቋል። ውሃ ስጠው፣ ጨው ጣል አድርግበት።»

«ውሃውን ሆሳዕና ከዋንጫ ይጠጣል! ጋሪህን ትናንት አየሁት፤ ቀይ ነው፤ ለባዝራህ መልክ ይሄድላታል!»

ሰው ሳቀ። አምባላዩ ጭቃውን እየበተነ ወጣ።

ጠና ኮርቻውን አወረደ። ከአንዲት ሴት አጥር የደረቀ የእንሰት ቅጠል ለምኖ ባዝራዋን ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አሻት። ባርኔጣውን ገልብጦ ውሃ ቀዳበት፣ ከጨው ጋር ትንሽ በትንሽ አጠጣት። ድዷን በጣቱ ተጭኖ ለቀቀ፤ የነጣው ቦታ ቶሎ ቀላ። የአንገቷን ቆዳ ቆንጥጦ ሳበ፤ ቶሎ ተመለሰ። ደህና ናት። ሩብ ሰዓቱ ግን እንደ ዓቢይ ጾም ረዘመበት። ሌሎች ሦስት ፈረሶች እየተደመጡ ወጡ። ስድስት ደግሞ፣ «በቃ፣ ወደ ቤት» ተብለው ቀሩ፤ አንደኛው ጋላቢ አሰገደችን ሊመታት ምንም አልቀረው፤ የገዛ ወንድሙ ነው አንገቱን ይዞ የመለሰው።

«ሃምሳ ስምንት!» አለች አሰገደች በመጨረሻ። «ይሂዱ ጋሽ ጠና። ግን ቅድም የላቧን ጨው አይቻለሁ፤ ብዙ ነው የወጣት። ጎኗን ይዩ። ገባዎት? ጎኗን።»

«ገብቶኛል፣ ልጄ። ከማንም ይልቅ ይገባኛል።»

ከአንጋጫ ወዲያ ያለው መንገድ፣ ያየው ሰው ያውቀዋል፤ ወረድ ይላል፣ ወጣ ይላል፣ ግራና ቀኙ እንሰት ነው፣ ዞር ካሉ ሀምበሪቾ ተራራ ከኋላ ደመና ተከናንቦ ይታያል። የዚያን ቀን ያ ደመና ወረደ። ዝናቡ ጀርባቸውን ይገርፍ ጀመር። ጣዝማ ግን ዝናብ ትወዳለች፤ ጆሮዋን አቁማ፣ አፍንጫዋን ከፍታ፣ ሳይነግራት ወደ ደንገላሳ ተሻገረች።

አንዱን ፈረስ ቁልቁለት ላይ አለፉት። ሌላውን ድልድይ ላይ አለፉት። በየደጁ የቆመው ሰው፣ «ጣዝማ! ጣዝማ!» ይላል፤ ቆጮ ጠቅልላ የምታቀብል አለች፣ ቄጠማ የሚወረውር አለ። የሽማግሌው ደም ፈላ! ምን ይደረግ፣ ሰው ነው፤ ፈረስ የሚወድ ሰው ደግሞ ነፋስ ፊቱን ሲመታው ሃምሳ ሁለት ዓመቱን ይረሳል። ሌላ አንድ አለፈ። ከዚያ ኮረብታው አናት ላይ፣ ከግራጫው ዝናብ ውስጥ፣ የአምባላዩን ነጭ ወገብ አየው።

«አየሽው? አየሽው የኔ እመቤት?»

አየችው። አንገቷን ዘረጋች። ምድር ከሥራቸው ትሸሽ ጀመር። መቶ ክንድ፣ ሰማንያ ክንድ፤ ኃይለመለኮት ዘወር ብሎ አያቸውና አለንጋውን በአምባላዩ ሽንጥ ላይ አሳረፈው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጠና ሳቀ። ጋሪው፣ ብሩ፣ ቀዩ ቀለም፣ ሁሉም ከኋላው እየቀረ ነው። ስድሳ ክንድ! አሁን አንድ ተረከዝ ብቻ ቢነካት፣ አንዴ ብቻ...

ያን ጊዜ በቀኝ እግሩ በኩል አንድ ነገር ነካው።

ቱክ። ቱክ። ቱክ።

ከጭኑ ሥር፣ ከባዝራዋ ጎን፣ የሆነ ነገር ይዘላል። የኮቴ ምት አይደለም። የትንፋሽ አይደለም። ዝቅ ብሎ እጁን ሽንጧ ላይ ሲያደርግ ጎኗ ከልቧ ጋር እኩል እየዘለለ ነው፤ ስቅታ እንደያዘው ሕፃን።

ይህንን ምት ጠና ከስምንት ዓመት በፊት በዚሁ እግሩ ሰምቶታል። ወለላ የምትባል ባዝራ ነበረች፤ የጣዝማ እናት። ፊታውራሪው፣ «ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ዱራሜ አድርሰህ መልሱን ይዘህ ና» አሉት። ሄደ። ሲመለስ ጎኗ ዘለለ፤ አላወቀም፤ ሞቋታል ብሎ ገሰገሰ። የፊታውራሪው በር ላይ ተንበረከከች፣ መልሱን ከኪሱ ሳያወጣ ሞተች። ደብዳቤው ውስጥ ምን እንደነበር ኋላ ሰማ፤ የድግስ ጥሪ ነው። ጋጥ ውስጥ የሦስት ሳምንት ውርንጭላ ቆማ እናቷን ትጣራለች። ያቺን ውርንጭላ በላም ወተት፣ በጡጦ ሳይሆን በጣቱ እያጠባ አሳደጋት።

ልጓሙን ሰበሰበ። ጣዝማ መቆም አልፈለገችም፤ ነጭ ወገብ አይታለች፤ «ተው፣ ተው፣ ተይ እናቴ» እያለ በግድ ወደ እርምጃ መለሳት። አምባላዩ ኮረብታውን ተሻግሮ ጠፋ።

ጠና ከኮርቻ ወረደ።

አሁን ይህን ለማያውቅ ሰው መንገር አለብኝ። በዚያ አገር ሰው በሕይወት እያለ ከኮርቻ ወርዶ የተጫነ ፈረስ እየሳበ ሰው ፊት አያልፍም። ባዶ ኮርቻ የሚሳበው ለለቅሶ ነው፤ ጌታው ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፣ የሟቹ ልብስ ኮርቻው ላይ ይጣላል፣ ሌላ ሰው እየሳበ በአልቃሽ መሐል ያዞረዋል። ጠና ይህን ያውቃል። አባቱን እንዲያ ቀብሯል። ኮርቻውን አውርዶ በራሱ ጫንቃ እንዳይሸከም፣ ሕጉ ፈረሱ ከነኮርቻው ይግባ ይላል፤ ሕጉንም ያወጣው እሱ ነው።

«ይበሉኝ እንግዲህ» አለ።

ጠፍሩን አላላ። ወንዝ ሲደርሱ በባርኔጣው እየቀዳ ጨው እያደረገ አጠጣት፤ ሲመላለስ ባርኔጣው ከእጁ አምልጦ ውሃ ወሰደው። ቀዝቃዛ ነፋስ ተነሳ፤ የሞቀ ፈረስ ነፋስ ሲነካው ጡንቻው እንደ እንጨት ይደርቃል። ጋቢውን ከወገቡ ፈታና ከአንገቷ እስከ ጭራዋ፣ ከነኮርቻው፣ አለበሳት። ከዚያ ፊት ፊቷ እየሄደ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ እየጠለቀ፣ ሁለት ጊዜ ወድቆ እየተነሳ፣ መንገዱን ተያያዘው።

ቅድም ያለፋቸው ሦስቱ ፈረሶች እየጋለቡ አልፈውት ሄዱ፤ ከዚያ አንድ ሌላ ፈረሰኛ ከኋላ ደረሰበት። የጊምቢቹ ሰው ነው፤ ወልደ ማርያም ይባላል።

«ወንድሜ፣ ምን ነካህ? ሰባራ አለ?»

«የለም። ጎኗ ዘለለ።»

«ጎኗ ምን?»

«እጅህን ሽንጡ ላይ አድርግ፣ ያንተንም እይ። ከልቡ ጋር ከዘለለ ውረድ። ካልዘለለ ቀስ በል፤ ቀስ ያለ ይገባል።»

ወልደ ማርያም እጁን አደረገ። «አልዘለለም» አለ፤ ግን አለንጋውን ከእጁ አውጥቶ እርካቡ ሥር ሻጠውና በእርምጃ ሄደ። ዞር ብሎም፣ «እግዜር ይስጥህ! ሰው ግን ይስቅብሃል!» አለው።

«እያሳቅሁ ልግባ!»

ሰው ግን አልሳቀም። ቢስቅ በተሻለ!

ሆሳዕና መግቢያ ላይ፣ መንገዱ ሰፋ ከሚልበት፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ከመንደር መጥተው ይጠብቁ ነበር። መሐላቸው ሚስቱ ትርፊት አለች፣ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቄጠማ ይዛ። ዓይኗ ብርቱ ነውና መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። ጣዝማ ናት። በእርምጃ ትመጣለች። ኮርቻው ባዶ ነው። ኮርቻው ላይ የባሏ ነጭ ጋቢ ተጥሏል። ፊት ፊቷ አንድ ራሱ የተገለጠ፣ ከፀጉሩ እስከ እግሩ ጭቃ የሆነ ሰው ይስባታል።

ቄጠማው ከእጇ ወደቀ።

«ዋይ! ዋይ ዋይ! የአበራሽ አባት! ወየው ጉዴ!»

አለቀ። ትርፊት ደረቷን ስትመታ ታንጉት የተባለችው ጎረቤቷ ነጠላዋን አደገደገች፣ ታንጉት ስታደገድግ ሰፈሩ ሁሉ ዘለለ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በአንድ አፍታ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ለቅሶ ሆነ፣ ትርፊትም በሚያምር ድምፅዋ አወረደችው፤

«የጣዝማ አሳዳጊ፣ እናትም አባት፣
ማን ገለባ ያንጥፍ፣ ማን ያጥባት ጧት!
ቁጣ የማያውቀው፣ ለስላሳው ጌታዬ፣
አንድ ቀን ሳልነግረው፣ ሄደብኝ ገላዬ!»

ጠና ፈዝዞ ቆመ። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ለስላሳ ብላው አታውቅም። ፈረሱን ከሚስቱ አስበልጦ የሚወድ ደረቅ ሰው ነበር የምትለው። ማን ያቋርጣል እንዲህ ያለውን? እውነቱን ለመናገር አንድ ሁለት ስንኝ ጨምሮ ሰማ።

ከዚያ ግን አንድ ሽማግሌ ኪሳቸውን ከፍተው ሰዓት ሲያዩ አየና ክው አለ። አሁን ስንት ሰዓት ነው? በሩ አስር ላይ ይዘጋል!

ታንጉት ደግሞ እጁን ጨምድዳ ይዛዋለች። «አንተ ሰውዬ! የት ነው የወደቀው? አስከሬኑ የታለ?»

«አስከሬኑ ቸኩሏል!» አለ ጠና ባለ በሌለ ድምፁ። «መንገድ ልቀቁ! አስር ሰዓት ሊሞላ ነው!»

ለቅሶው እንደተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። ትርፊት እንባዋ እየወረደ ቀረብ ብላ ጭቃውን ከፊቱ በመዳፏ ጠረገች። አፍንጫውን አየች። ጢሙን አየች። በያዘችው ነጠላ ትከሻውን ገረፈችው።

«አንት የማትረባ! ምነው ታዲያ ዝም ብለህ አስለቀስከኝ?»

«ደስ ሲለኝ ጊዜ ነዋ! በይ አሁን መንገድ አስከፍቺ!»

ኧረ እልልታው! አልቃሹ ሁሉ አጃቢ ሆነ። ያደገደገው እንዳደገደገ፣ ባርኔጣውን ያወለቀው እንዳወለቀ፣ «ገለል በሉ! የሞተው ሰው እየመጣ ነው!» እያሉ ከፊት ከፊት ሮጡ። ጣዝማ ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ጋቢዋን ለብሳ፣ እንደ ሙሽራ፣ በእርምጃ። ጠና መሮጥን ከለከላቸው፤ «እኛ አንሮጥም፣ እናንተ ሩጡ» አላቸው። ከአንጋጫ በኮሚቴው መኪና ቀድማ የገባችው አሰገደች ሰዓቷን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ «አምስት ጉዳይ! ገብተዋል!» ስትል ሜዳው ተናወጠ።

ሜዳው ላይ ግን ሌላ ነገር ነበር። አምባላዩ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ አንደኛ። ሲገባ ተጨብጭቧል፣ የኮሚቴው ሰውዬ በድምፅ ማጉያ ስሙን ጠርቷል። ግማሽ ሰዓት ተጠበቀ፤ ልቡ ዘጠና ስድስት። አሰገደች፣ «አልገባም» ብላ ጻፈች። ከሱ በኋላ የገቡት ሦስቱም ሲያሳድዱት መጥተው እንደሱ ሆኑ። ያለፈው ወልደ ማርያም ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በየመንገዱ ቀርተዋል።

«ጓድ አሰገደች» ይላል የኮሚቴው ሰው ድምፅ ማጉያውን በእጁ ሸፍኖ፣ «ሕዝቡ እኮ አጨብጭቦለታል።»

«የፈረስ ልብ በጭብጨባ አይበርድም፣ ጓድ» አለችው።

ኃይለመለኮት፣ «እንደገና ይቆጠር! ይቺ ልጅ ጆሮዋ አይሰማም!» እያለ ሲጮህ፣ ከኋላው አንድ ከባድ ድምፅ ሰማ። አምባላዩ የፊት እግሮቹ ታጠፉና ወደቀ።

ጠና የራሱን ረሳ። የጣዝማን ልጓም ለትርፊት ወረወረና ሮጠ። «ኮርቻውን ፍቱ! ነፋሱን ከልሉት! ውሃ፣ ከጨው ጋር፣ አፉን አርጥቡት እንጂ አታፍስሱበት!» አሰገደች መርፌዋን አወጣች። ኃይለመለኮት ፈረሱ ራስ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ያ ወፍራም ድምፁ ቀጥኖ፣ «ልጄ፣ ልጄ፣ ተነስ» ይላል። ጠና ተመልሶ ከጣዝማ ላይ ጋቢውን ገፈፈ፤ እሷ ደርቃለች፣ አያስፈልጋትም። አምባላዩን አለበሰው። ሁለቱ ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው እግሮቹን አሹ።

ብዙ ቆይቶ አምባላዩ አንገቱን አነሳ። አንድ ጊዜ ሞክሮ ወደቀ። ሁለተኛ ሞክሮ ቆመ፤ አራቱም እግሩ እየተንቀጠቀጠ።

«ባልደራስ» አለ ኃይለመለኮት ዓይኑን ሳያነሳ፣ «አንጋጫ ላይ ነግረኸኝ ነበር።»

«እኔም እኮ የሚነግረኝ ሰው ነበር የፈለግሁት፤ በወለላ ጊዜ የነገረኝ አልነበረም። በል፣ ዛሬ ውሃ ብቻ።»

«ጋሽ ጠና!» ጮኸች አሰገደች። «የእርስዎ ባዝራ ጊዜዋ ሊያልፍ ነው!»

ማዳመጫው ከክንዷ ኋላ ገባ። ጎኗ አይዘልም፤ ጠና ከቆመበት ያያል፤ ፀጥ ያለ፣ እንደ ኩሬ። ብሩ ቀዩ ጋሪ ላይ ተደግፎ ጥፍሩን ይበላል። የአሰገደች ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ይንቀሳቀሳል...

«ሃምሳ ሁለት!»

«የኔ ዕድሜ!» ብሎ ጠና ዘለለ፤ ያ የሚያመው ጉልበት የት ሄዶ እንደነበር እንጃ።

ከሃያ ሦስት ፈረስ ልቡ በርዶለት ያለፈው ሁለት ነው። አንደኛ የጊምቢቹው ወልደ ማርያም፤ ሽልማቱን ሲቀበል ከመድረኩ ላይ፣ «ይኸ የዚያ የሞተው ሰውዬ ምክር ነው!» ብሎ ሜዳውን አሳቀው። ሁለተኛ ጣዝማ፤ ሽልማቷ ሁለት ኩንታል ገብስ።

ብሩ ገብሱን አየ። ጋሪውን አየ። ባዝራዋን አየ። ክፉ ሰው አልነበረም እኮ፤ የማያውቀው ነገር አለቃ የሆነ ሰው ነበር እንጂ።

«ቃል ቃል ነው፤ ጋሪ አትገባም» አለ። ከዚያ ራሱን አከከ። «ግን ጓድ ጠና፣ ይኸ ሁለት ኩንታል በምን ይሄዳል? ጋሪውስ? እዚህ ጥለነው አንሄድ።»

ትርፊት ናት የመለሰችው፣ ድምፅዋ ከለቅሶው ጎርንኖ፣ «የሠርቶ አደር አንገት ቀጭን ነው ብለው አልነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር? እስቲ እንየው።»

ሳቁ ከሜዳ ሜዳ ተንከባለለ። ብሩ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ከዚያ ኮቱን አወለቀ። በሁለቱ አግዳሚዎች መሐል ገብቶ ቆመ። ሁለት ገበሬዎች ከኋላ ገፉ።

ከከተማው ሲወጡ ከፊታቸው አንድ ሰው ይሄድ ነበር። ሃምሳ አለቃ ኃይለመለኮት ነው፤ ኮርቻውን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ፣ የጠናን ጋቢ የለበሰውን አምባላይ ቀስ እያለ ይስባል። በየደጁ የቆመው ሰው አየው። አንዲት ሴት ነጠላዋን ልታደገድግ ብድግ አለች፤ ታንጉት ከመንገድ ላይ ሆና፣ «ተቀመጪ፣ ማንም አልሞተም! ፈረሱ እያረፈ ነው» አለቻት።

ከሱ ኋላ ቀዩ ጋሪ እያንቋረረ መጣ፤ ሊቀመንበሩ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ከጋሪው ኋላ ጠናና ትርፊት። በመካከላቸው ጣዝማ፣ ምንም ሳትሸከም፣ አንገቷን አስግጋ ከኩንታሉ ቀዳዳ ገብስ እየለቀመች።

«የአበራሽ አባት» አለች ትርፊት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያ ያልኩት ነገር፣ ለለቅሶ ነው እሺ? ለለቅሶ ይባላል።»

«እሺ» አለ ጠና። ጥቂት ሄዱ። «ያንን ‹ለስላሳው› ያልሽውን ብቻ አንዴ ድገሚልኝ።»

ከፊት ብሩ ጋሪውን አቁሞ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለ። ጠና ሄዶ መዳፉን የብሩ ደረት ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆጠረ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለው፣ «ሩብ ሰዓት ይቁሙ። ሕግ ነው።»